የድጎማ እህል ለድሃው እንዲደርስ ምን መለወጥ አለበት? ከደብረ ብርሃን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ነው። በቀን ሥራ ሦስት ልጆች አሳድጋለሁ። ለድሃው ተብሎ በቅናሽ የሚመጣው ዱቄት በሸማቾች ማኅበር በኩል ይሰጣል ይባላል፤ እኛ ግን መምጣቱን የምንሰማው ካለቀ በኋላ ነው። ወረፋ ይዘን ውለን ‹አልቋል› እንባላለን፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ዱቄት በነጋዴ ዋጋ ሲሸጥ እናየዋለን። መንዝ ያለችው እናቴ ደግሞ በሴፍቲኔት ታቅፋለች፤ እህሉ ይዘገይባታል፣ ሲመጣም ይጎድልባታል። አንዳንዱ መፍትሔው የጣት አሻራ ነው ይላል፤ ሌላው እህሉ ቀርቶ ብሩን ይስጡን ይላል። የቱ ይሻላል? ወይስ ሌባ ባለበት ምንም ቢደረግ ለውጥ የለውም?»

ምላሽ፦ በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ አሠራሮች ተቀላቅለዋል። የሚያፈሱበት ቀዳዳም ሆነ መድኃኒታቸው አንድ ስላልሆነ አስቀድሞ መለየት አለባቸው። እርስዎ ደብረ ብርሃን ላይ የሚጠብቁት ዱቄት በቅናሽ የሚሸጥ ሸቀጥ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይገዛዋል፤ ያልደረሰ የሚጠይቀው መብት የለውም። እናትዎ መንዝ ላይ የሚጠብቁት ግን በስማቸው የተመዘገበ፣ መጠኑም በመመሪያ የተወሰነ ክፍያ ነው። የመጨረሻው ሐሳብዎ፣ ማለትም ሌባ ባለበት ምንም ለውጥ አይመጣም የሚለው፣ ትክክል አይደለም፤ ከሌብነቱ በፊት የሚታይ የአሠራር ጉድለት አለ፤ እሱም የሚታረም ነው።

በከተማ በቅናሽ እህል ማከፋፈል አዲስ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን፣ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በተቆረጠ ዋጋ በኮታ እየሰበሰበ ለከተማ ነዋሪ በቀበሌ ሱቅ በኩል ያቀርብ ነበር፤ የገበሬው ኮታ በ1982 ዓ.ም. ከታወጀው የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ጋር ቀረ። የእህል ዋጋ በ2000 ዓ.ም. ግድም ሲንር ደግሞ መንግሥት ከውጭ የገዛውን ስንዴ ለዱቄት ፋብሪካዎች በቅናሽ ማቅረብ ጀመረ፤ ከፋብሪካው በር በኋላ ያለው ጉዞ ለዳቦ ቤቶችና ለሸማቾች ማኅበራት ተተወ። ከዚያ ወዲህ የእህሉ ዓይነትና የአቅራቢው መሥሪያ ቤት ስም ቢለዋወጥም የአሠራሩ አጥንት አልተለወጠም፤ ድጎማው የሚከፈለው በሰንሰለቱ መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ማን ምን ያህል እንዳገኘ ግን የሚቆጥር የለም።

ስለዚህ «ለድሃው ተብሎ የሚመጣ» የሚለው አነጋገር በከተማው አሠራር ላይ ሲሆን ትክክል አይደለም። የቀበሌ መታወቂያ ያለው ሁሉ፣ ደመወዝተኛውም ነጋዴውም፣ እኩል ተሰላፊ ነው። ሰልፉም እኩል አያስተናግድም፤ የቀን ሠራተኛ አንድ ቀን ወረፋ ሲውል የዚያን ቀን ገቢውን ያጣል፤ ያጣው ገቢም ብዙ ጊዜ በዱቄቱ ላይ ከሚያተርፈው ቅናሽ ይበልጣል። ጭነቱ ሲገባ ስልክ የሚደወልለት፣ ጊዜ ያለውና የወሩን ዱቄት በአንድ ጊዜ የሚገዛበት ጥሬ ገንዘብ በእጁ የያዘ ሰው ይቀድማል። በዚህ መንገድ፣ ማንም ምንም ሳይሰርቅ እንኳ፣ ድሃው ከሰልፉ ውጭ ይቀራል።

ሌብነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሸቀጥ ሁለት ዋጋ ስላለው ነው። ለማሳያ ያህል፣ ዱቄት በገበያ ኪሎው 90 ብር፣ በማኅበሩ 60 ብር ነው እንበል። በአንድ ኩንታል ላይ 3000 ብር ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ሃምሳ ኩንታል የጫነ አንድ መኪና ደግሞ 150 ሺህ ብር ልዩነት ተሸክሞ ይሄዳል። ይህ ገንዘብ በፋብሪካው፣ በአጓጓዡ፣ በመጋዘን ጠባቂውና በማኅበሩ ኮሚቴ እጅ በየተራ ያልፋል፤ እነዚህ ሁሉ ጭነቱን ወደ ግል መጋዘን ቢያዞሩት ትርፉ የዚያኑ ቀን ይገኛል፤ ለትክክለኛው ባለመብት ቢያደርሱት ግን ከድካም በቀር የሚጨመርላቸው ነገር የለም። ኮሚቴው በየጊዜው በግምገማ ቢቀያየርም አዲሱ ኮሚቴ የሚረከበው ያንኑ ፈተና ነው። ሰውን ከመቀየር በፊት ገንዘቡ የሚከፈልበትን ቦታ መቀየር ያስፈልጋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ በተግባር የተሞከረ ነገር ነው። በግብፅ «ባላዲ» የሚባለው የድጎማ ዳቦ ለረጅም ዘመን 5 ፒያስተር (ፒያስተር የግብፅ ፓውንድ አንድ መቶኛ ነው) ይሸጥ ነበር፤ ዳቦ ቤቶቹ ዱቄቱን በርካሽ ይረከቡና ከፊሉን ሳይጋግሩ በጎን ይሸጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የተደረገው ለውጥ የዳቦውን ዋጋ አልነካም፤ ዳቦ ቤቱ ዱቄቱን በሙሉ ዋጋ እንዲገዛ፣ ልዩነቱንም መንግሥት የሚከፍለው በደንበኛው ካርድ ተመዝግቦ ለተሸጠው እያንዳንዱ ዳቦ እንዲሆን አደረገ። ለአንድ ሰው በቀን አምስት ዳቦ ተወሰነ። ዱቄቱን በሙሉ ዋጋ የገዛ ዳቦ ቤት በጎን ቢሸጠው አያተርፍም፤ የሚያተርፈው ጋግሮ ለባለ ካርዱ ሲሸጥ ነው። ያ ሥርዓት ከችግር ነጻ ነው አልልም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የዳቦው ዋጋ ወደ 20 ፒያስተር ከፍ እንዲል የተደረገው ወጪው ለመንግሥት ስለከበደ ነው። ሆኖም ድጎማውን ከጆንያው አንስቶ ከሽያጩ ላይ ማዋል እንደሚቻል በግልጽ አሳይቷል፤ ደብረ ብርሃንን ከመሰለች፣ ፋብሪካዋም ዳቦ ቤቷም ባንኳም በቅርብ ርቀት ከሚገኝባት ከተማ አንጻር ሳየው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመን ትምህርት ይህ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከህንድ ነው። የህንድ ክፍለ ግዛት የሆነችው ቻቲስጋር የድጎማ እህል ሱቆቿን እ.ኤ.አ. በ2004 ከግል ነጋዴዎች ወስዳ ለመንደር ምክር ቤቶች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለሴቶች ቡድኖች ሰጠች። በዚህ ግን አላበቃችም፤ የሱቁን ኮሚሽን ከፍ አደረገች፣ እህሉንም በመንግሥት መኪና እስከ ሱቁ በር አደረሰች። ይህ ሁለተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በሕጋዊ ኮሚሽኑ የጥበቃና የጫኝ አውራጅ ሒሳብ እንኳ መሸፈን ያቃተው ሱቅ ጉድለቱን የሚሞላበት ሕገ ወጥ መንገድ መፈለጉ አይቀርም። የእኛን የሸማቾች ማኅበራት በታማኝነት ሥሩ እያሉ ኪሳራውን ግን በእነርሱ ላይ መጣል ከንቱ ድካም ነው።

ወደ እርስዎ ቀዳሚ ቅሬታ ልመለስ፦ መምጣቱን የምንሰማው ካለቀ በኋላ ነው ብለዋል። ለዚህ ምንም የቴክኖሎጂ መሣሪያ አያስፈልግም። በማኅበሩ በርና በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይበቃል፤ ወረቀቱ ግን ሊይዛቸው የሚገቡ ነገሮች ተለይተው መታወቅ አለባቸው። ጭነቱ የገባበት ቀን፣ የመጋዘን ገቢ ደረሰኙ ቁጥር፣ የገባው ኩንታል ብዛት፣ የባለመብት አባወራና እማወራ ቁጥር፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው ኪሎ፣ የኪሎው ዋጋ፣ በየቀኑ ማታም የተሸጠውና ከወጪ ቀሪ ይጻፍበት። የገባው 40 ኩንታል፣ ባለመብቱ 400 ቤተሰብ ከሆነ ለእያንዳንዱ 10 ኪሎ እንደሚደርስ ማንም ያሰላል፤ 5 ኪሎ ብቻ ከተሰጠ ቀሪው 20 ኩንታል የት እንደገባ የሚጠይቀው መላው ሰልፈኛ ይሆናል። ከዚህ ጋር የማከፋፈያ ቀን በወር አንድ የታወቀ ሳምንት ይሁን፤ በዚያው ሳምንት ውስጥ ለየመንደሩ ቀን ይከፈል፤ በቀኑ ያልመጣ ባለመብት ድርሻው ቢያንስ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆይለት። ድርሻው እንደማይነካበት ያወቀ ሰው ከሌሊት ጀምሮ አይሰለፍም።

አሁን ወደ ጣት አሻራ እንምጣ። አሻራ የሚያስቀረው አንድን ሰው ሁለት ጊዜ መመዝገብንና በሌለ ሰው ስም መውሰድን ነው፤ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። እርስዎ ያነሷቸውን ሁለት ችግሮች ግን አይነካቸውም። ጭነቱ ሱቅ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ከጠፋ አሻራው የሚያውቀው ነገር የለም፤ 15 ኪሎ ተብሎ 12 ኪሎ የተሰፈረለት ሰውም ጣቱን አሳርፎ «ተረክቤአለሁ» ብሎ ይሄዳል። ጉዳትም አለው። በህንድ ጃርካንድ ክፍለ ግዛት የአሻራ ማረጋገጫ ግዴታ ሲደረግ፣ መታወቂያቸው ከመዝገቡ ጋር ያልተያያዘ ትክክለኛ ባለመብቶች ድርሻቸው እንደተቋረጠባቸው በጥናት ተረጋግጧል። ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ሠራተኛና ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች የጣታቸው መስመር ስለሚደበዝዝ ማሽኑ ላይለያቸው ይችላል፤ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋም ሰልፉ ሁሉ ይበተናል። ፋይዳ መታወቂያ እየተስፋፋ ስለሆነ ለምዝገባ ማጣሪያ ቢውል እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ማሽኑ ያልለየው ሰው በካርዱና በሁለት የሰፈር ምስክር ፊርማ የዚያኑ ዕለት የሚስተናገድበት መንገድ በጽሑፍ ካልተደነገገ በስተቀር መጀመር የለበትም።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የአሜሪካ ተራድዖ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ ከታለመለት ውጭ እየዋለ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ ሥርጭት ማቆማቸው ይታወሳል። ከወራት በኋላ ሥርጭቱ ሲመለስ የመጣው ለውጥ በዲጂታል ምዝገባ ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ የባለመብቶች መረጣም ሆነ የእህሉ ጉዞ ክትትል እንዲጠብቅ ተደርጓል። ከዚያ ጊዜ የቀረው መራራ ሐቅ ግን ሌላ ነው፤ ሥርጭት በጅምላ ሲቆም የሚራበው ሰራቂው ሳይሆን ተመዝጋቢው ነው። የትኛውም ማሻሻያ አሮጌውን አቁሞ አዲሱን የሚጠብቅ መሆን የለበትም።

የእናትዎ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ክፍያው በእህል ሲሆን ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ፣ በወር ለአምስት ቀን 15 ኪሎ ለአንድ የቤተሰብ አባል ሆኖ ተወስኗል፤ መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን በቀጥታ ድጋፍ ያለ ሥራ ይከፈላቸዋል። እናትዎ አቅም ከሌላቸው በየትኛው ክፍል እንደተመዘገቡ ካርዳቸውን አይተው ያረጋግጡ፤ በልማት ሥራ ዝርዝር ላይ የተመዘገቡ ከሆነ ወደ ቀጥታ ድጋፍ እንዲዛወሩ መጠየቅ ይችላሉ። ጉድለቱ የሚፈጠርበትን ቦታ ደግሞ ማከፋፈያው ላይ ቆሞ ላየ ሰው ግልጽ ነው። ጆንያው የሚመጣው 50 ኪሎ ሆኖ ነው፤ ድርሻው ግን በ15 ይሰላል። አራት ነፍስ ያለው ቤት 60 ኪሎ ስለሚደርሰው አንድ ሙሉ ጆንያ ይወስድና ቀሪው 10 ኪሎ ከተፈታ ጆንያ ይሰፈርለታል፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ደግሞ ድርሻቸው በሙሉ ከተፈታው ነው። ሚዛን በሌለበት በጣሳ ይሰፈራል፤ ጣሳው አንዴ ሞልቶ፣ አንዴ ጎድሎ ይወጣል፤ መሬት ላይ የፈሰሰው «ጥራጊ» ተብሎ የሌላ ሰው ይሆናል። አነስተኛ ቤተሰብ ያላቸው፣ በተለይም መበለቶችና አዛውንት፣ ከሌላው ይልቅ የሚጎዱት በዚህ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ትክክለኛነቱ ተረጋግጦ ማኅተም የተደረገበት ሚዛን በየማከፋፈያው ማስቀመጥና ከመጋዘን ሲወጣ አስቀድሞ በ15 ኪሎ መታሸግ ነው፤ የማሸጊያው ወጪ በጥራጊ ስም ከሚጠፋው እህል አይበልጥም ብዬ አምናለሁ። የአህያና የተሸካሚ ኪራይም መታሰብ አለበት፤ ማከፋፈያው ሩቅ በሆነበት ቀበሌ ባለመብቱ ለኪራዩ ሲል ከእህሉ ላይ ሸጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

«ብሩን ይስጡን» የሚለው ሐሳብ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ጥሬ ገንዘብ መጋዘን አይፈልግም፣ አይነቅዝም፣ በጎን የሚሸጥ ልዩነትም የለውም፤ በባንክ ሒሳብ ከገባ የሚነካው እጅ ያንሳል። አደጋው ዋጋ ሲንር ነው። ሴፍቲኔት ሲጀመር ለአንድ የሥራ ቀን የሚከፈለው 6 ብር 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም 3 ኪሎውን ሊገዛ አልቻለም፤ ብዙ ተጠቃሚዎችም እህሉ ይሻለናል ማለት ጀመሩ። ዛሬም የገንዘብ ክፍያው በየሦስት ወሩ ከአካባቢው የእህል ዋጋ ጋር እየተመሳከረ የሚስተካከልበት ግዴታ ከሌለበት፣ ገንዘቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ግማሽ ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል።

ቦታውም መታየት አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ እህል ዓመቱን ሙሉ ገበያ ይወጣል፤ ከሞረትና ጅሩ ስንዴ፣ ከምንጃር ጤፍ ይገባላታል፤ የጎደለው የመግዣ ገንዘብ ነው። በግሼዋ ራቤልና በመንዟ መሐል ሜዳ ዙሪያ ባሉት ደጋማ ቀበሌዎች ግን በልግ ከከሸፈ የሚሸጥ እህል ራሱ ይጠፋል፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ስለሚበላሽ ነጋዴውም አይደርስም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለሁሉም ገንዘብ ማደል ያለችውን ጥቂት እህል ዋጋ ከማስወደድ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። መኸር ከገባ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ እዚያው መንዝም ቢሆን ገንዘቡ ይሻላል፤ ገበያው እህል አለውና።

እንግዲህ የምመክረው ይህ ነው። በደብረ ብርሃንና በመሰል የሰሜን ሸዋ ዞን ከተሞች ለፋብሪካ በቅናሽ ማቅረቡ በሒደት ቀርቶ፣ ልዩነቱ ለተለዩ ቤተሰቦች በባንክ ሒሳባቸው ይከፈል። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር ክፍያውን በባንክ አድርጎታልና መንገዱ እንግዳ አይደለም። ይህ እስኪዘረጋ ድረስ የዳቦ ድጎማው በግብፁ አኳኋን በሽያጭ ላይ ይታሰብ፤ የማስታወቂያ ወረቀቱና የታወቀው ሳምንት ግን የማንንም በጀት ስለማይጠብቁ አሁኑኑ ይጀመሩ። በመንዝና በግሼ ከመጋቢት እስከ መስከረም ክፍያው በእህል፣ ከዚያ በኋላ በገንዘብ ይሁን፤ እህሉም ዋጋው በሚወርድበት በጥር ከሞረትና ጅሩዋ እነዋሪና ከምንጃር ተገዝቶ ግንቦት ሳያልቅ ወደ ወረዳዎቹ መጋዘን ይግባ። ግዢው ግን በአንድ ጊዜ ተጠቃሎ መሆን የለበትም፤ በድንገት የሚደረግ የጅምላ ግዢ የእነዋሪን ገበያ ከፍ ካደረገው የሚከፍለው ሌላው ድሃ ሸማች ነው።

ማን ይመረጥ በሚለው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1997 ድጎማውን «ከድህነት ወለል በታች» ለሚባሉት ለይታ ስትሰጥ ብዙ እውነተኛ ድሆች ከዝርዝሩ ውጭ ቀርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የምግብ ዋስትና ሕግ ከገጠሩ እስከ 75 በመቶ፣ ከከተማው እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ሕዝብ አካታ ለአንድ ሰው በወር 5 ኪሎ የወሰነችው ከዚያ ተምራ ነው። የእኛ በጀት ይህን ያህል አይሸከምም። ቢሆንም የደሃ ደሃ ማን እንደሆነ በኮሚቴ ከማስፈለግ ይልቅ ድሃ ያልሆነውን በሚታይ ምልክት ማውጣት፣ ማለትም መኪና ያለውን፣ ደረጃው ከፍ ያለ የንግድ ፈቃድ የያዘውን፣ ቤት የሚያከራየውን መቀነስ፣ ለአድልዎ የሚተወው ቦታ ያንሳል። የቀበሌ መታወቂያ ብቻውን መስፈርት መሆኑም ይቅር። ከአጣዬና ከሌላ አካባቢ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉ ወገኖችና በየዓመቱ ቤት የሚቀያይሩ ተከራዮች መታወቂያው ስለሌላቸው ብቻ ከዝርዝሩ መውጣት የለባቸውም።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ እናትዎ በእጃቸው ያለ አንድ መብት አላቸው። የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር በቀበሌው በግልጽ ተለጥፎ በሕዝብ ስብሰባ ሊነበብ፣ ቅሬታም ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሊቀርብ መመሪያው ያዝዛል። እህሉ ሲጎድልባቸው ከማከፋፈያው ሳይርቁ፣ እዚያው በምስክር ፊት አስመዝነው፣ የጎደለውን ኪሎና ቀኑን በካርዳቸው ጀርባ አስጽፈው ለኮሚቴው ያመልክቱ፤ ኮሚቴው መልስ ካልሰጣቸው ያንኑ ወረቀት ይዘው ወረዳው የምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። እርስዎም ለማኅበርዎ በቃል ከመጠየቅ ይልቅ የመጨረሻው ጭነት የገቢ ደረሰኝ ቁጥርና የኩንታል ብዛት እንዲለጠፍ፣ ከአሥርና ከሃያ ጎረቤቶችዎ ጋር ፈርማችሁ፣ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የማመልከቻውን ቅጂ ለከተማው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት አስገብታችሁ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የመቀበያ ማኅተም አስመቱበት።